ሰባት ዓመት ለመንሁ፤ እግዚአብሔር ረስቶኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይድረስዎ። የምኖረው ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ አካባቢ ነው። ካገባሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅ አልወለድሁም። ባሕር ዳር ሄጄ ተመርምሬ «ምንም የለብሽም» ተባልሁ። ጠበል ተጠመቅሁ፤ ለእመቤታችን ጥላ ተሳልሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች «ኃጢአት ቢኖርባት ነው» ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ወደ አንድ «ዐዋቂ» ልውሰድሽ ትለኛለች። አሁን አሁን ለጸሎት ስቆም እግዚአብሔርን መውቀስ እጀምራለሁ። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን? ስእለቱንስ ልጨምር?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ አስቀድሜ «ኃጢአት ቢኖርባት ነው» የሚለውን ክፉ ንግግር ከጫንቃሽ ላውርድልሽ። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ ካህኑ ዘካርያስና ስለ ኤልሳቤጥ ሲጽፍ፣ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደ ነበሩ ይነግረናል፤ ልጅ እንዳልነበራቸው የሚነግረን ከዚያ ቀጥሎ ነው። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ከደጅ ወጥተን፣ ንፍሮ ቀቅለን ልደታን የምናከብረውስ የማንን ደስታ ነው? መካን ተብለው የተሰደቡትን የኢያቄምንና የሐናን አይደለምን? ያንን ንፍሮ እየበላ ልጅ ያጣችን ሴት የሚሰድብ ሰው በዓሉን አላከበረም።

ወቀሳሽን በተመለከተ የሳሙኤልን እናት ሐናን አስቢ። ጣውንቷ ፍናና ዓመት በዓመት ታስቆጣት ነበር፤ ባሏ ሕልቃና «እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን?» ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ፤ ካህኑ ዔሊ ደግሞ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መሰለው። የሚያስቆጣት፣ የሚወዳትና የሚባርክ ካህን ሳይቀር ኀዘኗን አልተረዱላትም። እርሷ ግን «በእግዚአብሔር ፊት ነፍሴን አፈሰስሁ» አለች። ያፈሰሰችው የተመረጠ ቃል አልነበረም፤ ምሬቷን ነበር። አንቺም የምታደርጊው ይህንኑ ነው። ዳዊት ስትደግሚ መዝሙር 12ን ልብ ብለሽ አንብቢው፤ «እስከ መቼ» እያለ የሚጮኸው ነቢዩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ያን ጩኸት ጸሎት አድርጋ ሰጠችን። እምነቱ የጠፋበት ሰው እግዚአብሔርን አይወቅስም፤ ትቶት ይሄዳል። አንቺ አሁንም ፊቱ ቆመሻል።

ስለ ሐና በሚናገረው በዚያው ምዕራፍ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። ሐና ከዔሊ ዘንድ ስትወጣ ገና አልፀነሰችም፤ ነገር ግን ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ አዘንተኛ መስሎ አልታየም። ሳሙኤል ሳይመጣ የሐና ፊት ተለወጠ። እኔም ለአንቺ ከልጁ አስቀድሜ የምለምነው ይህንን ነው።

ወደ «ዐዋቂው» ግን አትሂጂ። ጭንቀትሽን አይቶ ገንዘብሽን ይወስዳል፤ ነፍስሽንም ያስራል። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ የተወለደው በ100 ዓመቱ ነው። በመካከሉ ሣራ መጠበቁ ሲከብዳት አጋርን ሰጠችው፤ እስማኤልም በ86 ዓመቱ ተወለደ። ቤታቸው ግን ሰላም አጣ። ሣራን ለመንቀፍ አልደፍርም፤ የደከመው ልብ የቀረበለትን በር ሁሉ እንደሚያንኳኳ ዐውቃለሁና።

ሐኪም ቤት መሄድ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። መጽሐፈ ሲራክ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። የእኛ ገበሬ ጤፉን ከዘራ በኋላ እጁን አጣጥፎ ዝናብ አይጠብቅም፤ ያርማል። ስለዚህ ጠበሉንም ሕክምናውንም ያዢ፤ አንዱን ለሌላው ብለሽ አትተዪ። ባለቤትሽም ይመርመር። የምርመራውን ሸክም ሚስት ብቻ የምትሸከምበት ልማድ በደል ነው፤ ይህን ለእርሱ ለመንገር ከከበደሽ የንስሐ አባታችሁ ይንገሩት።

ስእለቱን አትጨምሪ። እግዚአብሔር ዋጋ እስኪጨመርለት የሚጠብቅ ነጋዴ አይደለም፤ ጥላውም ለምስጋና እንጂ ለዋጋ አልተሳለም። መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል እንደሚሻል ይናገራል።

«በእርግጥ ትወልጃለሽ» ብዬ ግን አልጽፍልሽም። እንዲህ ያለ ተስፋ በስሙ የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋውን የሚያሠቃየው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ ተሰምቷል፣ መውጊያው ግን አልተነሣም። ይህን የምጽፍልሽ ተስፋሽን ለመቁረጥ አይደለም፤ ልጅ ባይሰጥሽ እንኳ እንዳልተጣልሽ ከአሁኑ እንድታውቂው ነው።

ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ንስሐ ገብታችሁ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። መጪውን ፍልሰታ አብራችሁ ጹሙ፤ ማታ ማታም ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ቆማችሁ ጸልዩ። የጎረቤት ልጅ ክርስትና ሲነሣ መሄድ ከከበደሽ ቅሪ፤ ኃጢአት አይደለም። በሌላ ቀን ሄደሽ እናቲቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት።