ኒውሮሳይንስ ለመማር ላሰባችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

አንጎልና ነርቭ እንዴት እንደሚሠሩ ስለሚያጠናው ትምህርት፣ ስለ ኒውሮሳይንስ፣ «ማስተርሴን በተግባራዊ ኒውሮሳይንስ ልማር ወይ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ከሳይኮሎጂ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከባዮሎጂ፣ ከነርሲንግ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስም አላችሁ። ሁላችሁም የምትጨርሱት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ተምሬ ስጨርስ ምን እሆናለሁ?»

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የአንጎልን ምልክት ስለካና የተለካውን ስመረምር ነው። ትምህርቱን እወደዋለሁ፤ እናንተም ብትገቡበት ደስ ይለኛል። ግን ጥያቄውን ትንሽ አዙሩት። «ስጨርስ በእጄ ምን መሥራት እችላለሁ?» በሉ። በዚህ መስክ ቀጣሪ የዲግሪውን ስም አይቶ አይቀጥርም፤ ስሙ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ብዙም አይነግረውም። የሚያየው የሠራችሁትን ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ሳያውቁት ክፍያ የሚከፍሉ ልጆች ስላሉ። ይህ ማስተርስ ሐኪም አያደርጋችሁም። የነርቭ ሐኪም ለመሆን ሕክምና ተምሮ ስፔሻላይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። የአንጎል ጉዳት በአስተሳሰብና በባሕርይ ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚመረምር ባለሙያ፣ ክሊኒካል ኒውሮሳይኮሎጂስት፣ ለመሆንም በብዙ አገር ተጨማሪ ዲግሪ፣ በአማካሪ ሥር የሚሠራ ልምምድና የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ፍላጎታችሁ ታካሚ ማከም ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ከአሁኑ ወደዚያ ሂዱ።

ታዲያ «ተግባራዊ» የሚባለው ምኑ ነው? አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1987 በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሚንቀጠቀጥ በሽተኛ ሲያክም ነበር። በዚያን ጊዜ የተለመደው ቀዶ ሕክምና በአንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ ቦታ ፈልጎ ማጥፋት ነው። ቦታው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በቅድሚያ በኤሌክትሪክ ይነካል። ቤናቢድ የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ በሰከንድ ወደ 100 ገደማ ሲያደርሰው መንቀጥቀጡ ቆመ። ምንም ሳይጠፋ! ዛሬ ለፓርኪንሰን ታካሚዎች የሚደረገው ጥልቅ የአንጎል ማነቃቂያ መነሻው ይህ ነው። ሐኪሙ አንድ ነው፤ በመሣሪያው ዙሪያ ግን ስንት ሰው ይሠራል መሰላችሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈውን ኤሌክትሮድ የሚነድፍ አለ፣ ምልክቱን የሚተነትን አለ፣ ሙከራውን የሚያስተባብር፣ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን፣ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስረጃ የሚያዘጋጅ አለ። የእናንተ ቦታ በአብዛኛው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ግቡ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀዳውን፣ ኢኢጂ የሚባለውን ምርመራ ሰምታችኋል። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ የቀዳው በ1924 ነው፤ ያሳተመው ግን በ1929፣ ከአምስት ዓመት በኋላ። ዛሬ ኤሌክትሮዶች ያሉበትን ኮፍያ ለአንድ ሰው አድርጋችሁ «ዓይንህን ጨፍን» ስትሉት በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለሰው ሞገድ ከጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ጎላ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ያየ ተማሪ ሁሉ ይደነቃል። እኔም እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ሥራው ይጀምራል። ምልክቱ የሚለካው በቮልት ሚሊዮንኛ ነው። ሰውየው ዓይኑን ሲያርገበግብ የሚፈጠረው ከአንጎሉ ሞገድ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። መንጋጋውን ነከስ ካደረገ መስመሩ ሁሉ ይጠቁራል። የግድግዳው ኤሌክትሪክም በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ እየተመላለሰ ይገባል። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ከሆነ ኤሌክትሮዱ ከራስ ቆዳ ጋር በደንብ አይገናኝም። በዚህ ሰበብ እንዲህ ያለ ጸጉር ያላቸው ሰዎች ከብዙ ጥናት ይቀራሉ፤ ውጤቱም የሁሉንም ሰው አንጎል አይወክልም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ከናንተ መሃል መላ የሚያመጣለት ቢገኝ ትልቅ ሥራ ነው።

ስታቲስቲክስ የምትፈሩ ልጆች፣ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልመን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «አሳዩት»። ብዙ ነጥብ ሲፈተሽ የሚያስፈልገውን የስታቲስቲክስ እርማት ሳያደርጉ ሲያሰሉት በዓሣው አንጎል ውስጥ «እንቅስቃሴ» ታየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምስሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች የተከፋፈለ ነው፤ ይህን ሁሉ ነጥብ አንድ በአንድ ከፈተሻችሁ ጥቂቱ በአጋጣሚ መብራቱ አይቀርም። እርማቱን ሲያደርጉ ጠፋ። ስለዚህ ከምርጫ ኮርሶች መሃል ስለ ንቃተ ኅሊና ከሚያወራውና ከጠንካራ የስታቲስቲክስ ኮርስ አንዱን ምረጡ ብትባሉ፣ እባካችሁ ስታቲስቲክሱን ውሰዱ። ሌላውን አንብባችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ሥራውስ? ሆስፒታሎች የኢኢጂና የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል አላቸው፤ እዚያ ግን ብዙ ጊዜ የራሱ ሰርተፍኬት ይጠየቃል። የመድኃኒት ሙከራ የሚያካሂዱ ድርጅቶች ሰው ይፈልጋሉ። ለምሳሌ ለካኔማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው የብዙ ሰው አንጎል ተቃኝቶ፣ የማስታወስ ችሎታቸው በተደጋጋሚ ተለክቶ ነው። ያን የሚለካው፣ የሚመዘግበው፣ የሚያጣራው ባለሙያ ነው። የመስሚያና የተሃድሶ መሣሪያ አምራቾች አሉ። የአሽከርካሪና የአብራሪ ድካም የሚያጠኑ አሉ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በደንብ የያዘ ደግሞ ከመስኩ ውጭም በዳታ ሥራ አይቸገርም።

የሸማቹን አንጎል እየለኩ ምን እንደሚስበው የሚያጠኑበት ሥራም አለ፣ «ኒውሮማርኬቲንግ» የሚሉት። አትግቡ አልልም፤ ስትገቡ ግን ጠንቀቅ በሉ። አንጎል የሚለው ቃል ገበያ አለው። የአንጎል ጨዋታ የሚሸጠው ሉሞሲቲ በ2016 ያለ በቂ ማስረጃ ጨዋታው የማስታወስ መቀነስን ይከላከላል ብሎ በማስተዋወቁ ተከሶ፣ ከአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ጋር ተስማምቶ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። አለቃችሁ ዳታው የማይለውን እንድትሉ ሲጠይቃችሁ «አይ» ማለት የምትችሉት ሙያውን በደንብ ከያዛችሁ ነው።

ፕሮግራም ስትመርጡ ደረጃ የሚያወጡ ሰንጠረዦች ላይ ብዙ አትቆዩ። ለዩኒቨርሲቲው ጻፉና ጠይቁ። ተማሪ ራሱ የሚነካው መሣሪያ የትኛው ነው? ወይስ ሌላ ሰው ሲሠራ ቆሞ ያያል? የመመረቂያ ሥራው ስንት ወር ነው? ፕሮግራሚንግ ያስተምራሉ ወይስ ተማሪው ይችላል ብለው ያልፋሉ? ከተመራቂዎች ጋር ያገናኙኛል? ትምህርቱ ኦንላይን ከሆነ እውነተኛ ዳታ የምትሠሩበት መኖሩን ሳታረጋግጡ አትመዝገቡ።

ከማመልከታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ኦፕንኒውሮ የተባለ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚወርድ የአንጎል ዳታ ሞልቷል። አንድ የኢኢጂ ፋይል አውርዱና በፓይተን ከፍታችሁ የዓይን ማርገብገቡን ፈልጉ፤ ለማጽዳትም ሞክሩ። ጥቂት ምሽት ይፈጅባችኋል። ከሰለቻችሁ፣ ማስተርሱ ውስጥ የሚጠብቃችሁ አብዛኛው ሥራ እሱ ስለሆነ ገንዘባችሁን አተረፋችሁ። ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ከነጎደ ደግሞ የሠራችሁትን ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት።

ፒኤችዲ ላይ አትጣደፉ። ማስተርሱን እንደጨረሳችሁ የራሳችሁ ጥያቄ ከሌላችሁ ሥራ ግቡ። ጥያቄ ከሥራ ቦታ ይወጣል፤ «ይህ መሣሪያ እነዚህን ታካሚዎች ረድቶ እነዚያን ያልረዳው ለምንድነው?» የሚል ዓይነት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣን ተማሪ አማካሪዎች በሩን ከፍተው ይቀበሉታል።