23 ያልተከፈቱ የድምፅ መልእክቶች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረሙ?

የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። ደሴ ነው ያደግኩት፤ አሁን አዲስ አበባ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያስጨነቀኝ አንድ ልብወለድ ነው ብልዎ ይስቁ ይሆናል።

መጽሐፉ "ፊድ" ይባላል። ኤም. ቲ. አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ነው። በታሪኩ ውስጥ ስልክ የሚይዝ ሰው የለም፤ ኢንተርኔቱ "ፊድ" በሚባል መሣሪያ ጭንቅላት ውስጥ ተቀብሯል። ገና ጫማ አማረኝ ሳይሉ ጫማው ከነማስታወቂያው ይመጣል። ቲተስ የሚባል ጎረምሳ ከጓደኞቹ ጋር ሊዝናና ጨረቃ ላይ ይሄድና ቫዮሌት ከምትባል ልጅ ጋር ይተዋወቃል። እሷ ፊዱ የተተከለላት ዘግይቶ፣ በሰባት ዓመቷ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ከሁሉም ይልቅ የምትጠይቀው እሷ ናት። በኋላ ፊዷ ይበላሽና ሰውነቷ አልታዘዝ ይላታል። ቲተስ ይሸሻታል። ትዝታዎቿ ከመጥፋታቸው በፊት ትልክለታለች። እሱ ያጠፋቸዋል።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን፣ ማለቴ ስልኬን፣ አልጋ ላይ ወረወርኩት። "ምን ዓይነት ከንቱ ነው!" አልኩ።

ከዚያ መጽሐፉን ማን እንደላከልኝ ትዝ አለኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው። 12ኛ ክፍል ስንጨርስ ኩላሊቱ እምቢ አለው። አሁን ኮተቤ አክስቱ ቤት ሆኖ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያደርጋል። እኔ ስድስት ኪሎ ነኝ። ሁለቴ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ለእጥበቱ የተሠራለትን፣ ክንዱ ላይ ያበጠውን የደም ሥር አሳየኝ። ጣቴን ይዞ አስነካኝ። ውስጡ ንብ የገባ ይመስል ይርገበገባል። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም።

የድምፅ መልእክት ሲልክልኝ "ተረጋግቼ እሰማዋለሁ" እላለሁ። ከዚያ ቲክቶክ ሳገላብጥ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። አሁን ቆጠርኳቸው፣ 23 ናቸው። የመጨረሻው ከሁለት ወር በፊት የተላከ ነው፤ 11 ሰከንድ። መጽሐፉ የመጣው ከዚያ በፊት ሲሆን ሥሩ "ስትጨርስ ስለ ቫዮሌት እናወራለን" ይላል። እኔ የከፈትኩት ዶርም ውስጥ ኔትወርክ ሁለት ቀን ሲጠፋ ነው።

ኦንላይን ሲገባ አየዋለሁ። ቲክቶክን አጥፍቻለሁ። ስልኩንም ሸጬ ተራ ቀፎ ልግዛ እያልኩ ነው። ለእሱ ግን ምን ብዬ ልጻፍለት?

ያልሰማው፣ ከስድስት ኪሎ

*

ወንድሜ ያልሰማው፣

አልሳቅኩም። መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ሲታተም የመጀመሪያው አይፎን ሊወጣ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ዛሬ ሲያነቡት ትንሽ ያስደነግጣል።

ስልክህን አትሽጥ። ልጁ በምን ሊያገኝህ ነው? ቲክቶክን ማጥፋትህ እሰየው፣ እንቅልፍህን ታገኛለህ። ኮተቤ ላለው ልጅ ግን ምንም አልፈየደለትም።

በዚያ መጽሐፍ ላይ ከብዙ አንባቢ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ሰው ጥፋቱን ሁሉ ፊዱ ላይ ይከምራል። የፊዱ ኩባንያ ግፈኛ መሆኑን አልክድም። ቫዮሌት ገበያ ገብታ ስለማትገዛው ነገር ሁሉ እየጠየቀች ፊዱን ልታደናግረው ሞክራለች። ሲበላሽባት ደግሞ "የግዢ ልማድሽ አይጨበጥም፣ ወጪሽን የሚሸፍን ባለሀብት አላገኘንም" ብለው ጥገናውን ከለከሏት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ትዝታዎቿን አጥፋ ብሎ ቲተስን ያዘዘው ማሽን ግን የለም። ልጁ ፈራ። በቃ።

አንተም ከኮተቤ የቀረኸው በቲክቶክ አይደለም። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። እግርህ የቆመው ያንን ክንድ ከነካህበት ቀን ጀምሮ ነው። ቲክቶክ መደበቂያ ሆነልህ እንጂ።

ስለዚያ መርገብገብ ማንም አልነገረህም መሰለኝ። ያ ያበጠው የደም ሥር ሐኪሞች ደም ቅዳውንና ደም መልሱን አገናኝተው የሚሠሩት ነው። መርገብገቡ ደሙ በደንብ እየሄደ መሆኑን ያሳያል። ታማሚዎች በየቀኑ በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲያረጋግጡ ይነገራቸዋል፤ ሲቆም ነው ወደ ሐኪም የሚሮጠው። ጓደኛህ ጣትህን ይዞ ያስነካህ፣ እንደኔ ግምት፣ "እየሠራልኝ ነው" ሊልህ ነው።

አሁን ወደ 23ቱ። ከመጀመሪያው ጀምረህ በተራ ስማቸው። ፍጥነቱን እንዳትጨምር! ሁሉም ስለ ሕመም ይሆናል ብለህም አትፍራ፤ ግማሹ ስለ ኳስ ቢሆን አይገርመኝም። የጠየቀህ ነገር ካለ ወረቀት ላይ ጻፈው።

ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ አትላክለት። የታመመው ሰው "ኧረ ችግር የለም" እያለ አንተን ሲያጽናና ይውላል። ደውል። ካላነሳ "ሰምቻቸዋለሁ፣ ልመጣ ነው፣ እጥበት የሌለህ ቀን የቱ ነው?" በለው። በእጥበቱ ቀን ብዙዎቹ ዝለው ነው የሚውሉት።

ደግሞ እንደ ወጉ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለህ እንዳትሄድ። ሁለቱም ፖታሲየም ይበዛባቸዋል፤ ኩላሊቱ ማስወገድ ለማይችል ሰው ልብ ላይ ችግር ያመጣል። ጁስና ለስላሳም ተው፣ የሚጠጣው ፈሳሽ እንኳ በልክ ነው። መጀመሪያ አክስቱን "ምን ይፈቀድለታል?" ብለህ ጠይቅ።

ሊቆጣህ ይችላል። አክስቱ ደግሞ ከእሱ ብሳ "አሁን ነው የመጣኸው?" ትልህ ይሆናል። አዎ በላት፣ ሰበብ አትደርድር። ፊት ቢነሱህም በሳምንቱ ተመለስ።

መጽሐፉን ግን አልጨረስከውም፣ አይደል? ቲተስ ስለተመለሰበት ክፍል አንድ ቃል አልጻፍክም። ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን የቫዮሌት አባት እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ነው የጠበቀው። በሌላ ቀን ደግሞ ሄዶ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ያወራላታል። ያን ጊዜ እሷ መልስ መስጠት አትችልም። ያንተ ጓደኛ ኦንላይን ነው።

ያንን መጽሐፍ ለምን መርጦ እንደላከልህ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ምናልባት ዝም ብሎ ወዶት ይሆናል። ምናልባት ሊነካህ ፈልጎ ነው። እጥበቱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ አሰልቺም ነው አሉ። አንድ ቀን አብረኸው ሂድና አጠገቡ መቀመጥ ከተፈቀደልህ የቀረህን እዚያው ጮክ ብለህ አንብብለት፤ ያኔ ትጠይቀዋለህ።