የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወንዶቹ ዳክዬዎች የት ጠፉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ስወጣ መናፈሻው ውስጥ ካለችው ኩሬ ዳር ቁጭ ብዬ ዳክዬዎቹን ማየት ልማዴ ነው። ሰሞኑን ግን አረንጓዴ ራስ ያላቸው ወንዶቹ ጠፉ። የቀሩት ቡናማዎቹም መብረር ትተው ሰው ሲጠጋቸው ውሃው ላይ እየተንደፋደፉ ይሸሻሉ። ክንፋቸውን የቆረጠባቸው ሰው ይኖር ይሆን? ቁጥቋጦ ሥር ደግሞ እናት የሌለችበት ጎጆ አይቻለሁ፤ እንቁላሎቹን ወስጄ ባስፈለፍላቸውስ? ከዳር የለቀምኳቸውን ላባዎች ያየች ጓደኛዬም «ይህ እኮ ያስከስሳል» ብላ አስደንግጣኛለች።
የኩሬ ዳር ተቀማጭ

መልስ፦ ልጄ፣ ወንዶቹ የትም አልሄዱም፤ ልብስ ቀይረውብሽ ነው። ማላርድ የሚባለው ዳክዬ የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ ወንዱ ያንን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ላባ ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ራሱን ተዪውና ምንቃሩን እዪ። ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ ከሆነ ወንድ ነው፤ የሴቷ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ይልበታል። ከርቀት ካልለየልሽ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ሁላችንም የዳክዬ የምንለው ያ ጮክ ያለ ጩኸት የሴቷ ነው፤ ወንዱ ዝቅ ያለ ሻካራ ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው።

አለመብረራቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ብዙ ወፎች የክንፍ ላባቸውን ተራ በተራ ሲቀይሩ፣ ዳክዬና ዝይ የመብረሪያ ላባቸውን በአንድ ጊዜ ያራግፋሉ። አዲሱ እስኪያድግ ማላርድ ከ3 እስከ 4 ሳምንት መብረር አይችልም፤ ከውሃው የማይርቀውም ለዚህ ነው። የሰው እጅ ገብቶበት እንደሆነ ለማወቅ ክንፉን ዘርግቶ ላባውን ሲያበጥር ጠብቂና በባይኖኩላር እዪ። ሰው ሲቆርጥ ብዙውን ጊዜ አንዱን ክንፍ ብቻ ነው፣ ሚዛን ለማሳጣት፤ የላባውም ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቀነጠሰ መሆኑ ያስታውቃል። ሁለቱም ክንፎች እኩል አጥረው፣ ከሥር ግራጫማ ሽፋን የለበሱ አዳዲስ ላባዎች ብቅ ብቅ ካሉ ግን ማንም አልነካቸውም። በዚህ ጊዜ የሚያሰጋቸው ያልታሰረ ውሻና ፎቶ ለማንሳት እየተከታተለ የሚያሯሩጣቸው ሰው ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት፣ ከውሻውም ይብሳል፤ ውሻ እንኳን ሲጠሩት ይመለሳል።

ወደ ጎጆው ልምጣ። ተዪው! ማላርድ በቀን አንድ እንቁላል ነው የምትጥለው፣ መታቀፍ የምትጀምረውም ጥላ ስትጨርስ ነው። እስከዚያ ጎጆው ባለቤት የሌለው ይመስላል። መታቀፍ ከጀመረች በኋላም ምግብ ፍለጋ ትወጣለች፤ ስትወጣ ከደረቷ የነቀለችውን ለስላሳ ላባ እንቁላሎቹ ላይ ደርባ ነው። እንቁላሎቹ እንዲህ ተሸፍነው ካገኘሻቸው እናትየው ትመለሳለች ማለት ነው። አባትየውን አትጠብቂ፤ በመታቀፉም ሆነ በማሳደጉ የለበትም። ወደ 28 ቀን ገደማ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እሷን ተከትለው ውሃ ይገባሉ። ይህን ደግሞ ቤትሽ ያለ ማስፈልፈያ አይሠራላቸውም።

ሕጉም ይከለክልሻል። የምትኖሪበትን አገር አልነገርሽኝም እንጂ ነገሩን አሳጥርልሽ ነበር። የብሪታንያው የ1981 የዱር እንስሳት ሕግ እየተሠራ ያለን ወይም ወፍ ያለበትን ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስን፣ እንቁላል መውሰድንም ወንጀል ያደርጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ1979 ጀምሮ ተመሳሳይ መመሪያ አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላባን በተመለከተ ጓደኛሽ የሰማችው የአሜሪካውን ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካ በ1916 ከአገር አገር የሚፈልሱ ወፎችን ለመጠበቅ፣ በካናዳ ስም ከፈረመችው ብሪታንያ ጋር ስምምነት አደረገች፤ በ1918 ደግሞ ሕግ አወጣች። በዚያ ሕግ ከመሬት ያነሳሽውን ላባ እንኳ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። የተጋነነ ይመስላል፣ ምክንያቱ ግን አለው፦ በዚያን ዘመን ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ ሲባል ወፎች በገፍ ይታደኑ ነበር፤ የወደቀን ላባ ከተገደለ ወፍ ላባ ደግሞ ማንም ዳኛ አይለይም። የአሜሪካዋ የሚዙሪ ግዛት «በግዛቴ ያሉት ወፎች የእኔ ናቸው» ብላ ይህን ሕግ በመቃወም ተሟግታ በ1920 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታት። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ አገር ያለን ወፍ አንድ ግዛት የእኔ ሊለው እንዴት ይችላል? በብሪታንያ ግን የወደቀ ላባ ማንሳት ብቻውን አያስከስስም፤ ላባው በሕገ ወጥ መንገድ ከተገደለ ወፍ የመጣ አለመሆኑን ማስረዳት መቻል ነው። አንቺም ያለሽበትን አገር ሕግ እስክታጣሪ ላባዎቹን ካነሳሽበት መልሺ፤ ኩሬው ዳር ሌላ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር ያለ ስዋን (ያ አንገተ ረጅሙ ነጭ የውሃ ወፍ) በሙሉ የንጉሡ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ቀልድ?
ተጠራጣሪው

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ንጉሡ የባለቤትነት መብት ያላቸው ክፍት ውሃ ላይ ባሉ፣ ምልክት በሌላቸው ምዩት ስዋን በሚባሉት ላይ ነው፤ ያንንም በተግባር የሚጠቀሙበት በቴምዝ ወንዝ የተወሰነ ክፍል ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የንጉሡ ሰዎች በጀልባ እየዞሩ ጫጩቶቹን ይመዝናሉ፣ ቀለበት ያስራሉ። የሚገርመው፣ ያው ወፍ አትላንቲክን ሲሻገር ማዕረጉ ይገፈፋል። አሜሪካ «የአገሬ ተወላጅ አይደለም» ብላ በ2004 ባወጣችው ማሻሻያ ከፌዴራሉ ጥበቃ አስወጥታዋለች።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ለዳክዬ ዳቦ መወርወር ይወዳሉ። ችግር አለው?
የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ አለው፣ ወንድሜ። ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ አይገነባቸውም፤ የተረፈው ፍርፋሪ ደግሞ ውሃው ውስጥ እየበሰበሰ አልጌ ያበዛል፣ ኦክስጅን ያሳጣል። በሙቀት ወቅት እንዲህ ያለ ውሃ ቦቱሊዝም የሚባለውን ጡንቻ የሚያሽመደምድ በሽታ ለሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቻል። መናፈሻው ካልከለከለ ትንሽ አተር ወይም አጃ በቂ ነው፤ የከለከለም ከሆነ ልጆቹ መመልከትን ይልመዱ። አንገቷን ቀና ማድረግ ያቃታት ዳክዬ ካያችሁ አትንኩ፤ ቶሎ ለመናፈሻው ሠራተኞች ንገሩ።