መልስ፦ ጨረቃ ከዘጌ ዳርቻ ገዝፋ ታይታ በፎቶ ላይ ለምን ታንሳለች?

ስልክዎ አልተበላሸም፤ ጨረቃዋን ያገዘፋት የራስዎ አእምሮ ነው። ከጣና ማዶ ስትወጣም ሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናትዎ በላይ ስትሆን፣ ዓይን ውስጥ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። እንዲያውም ስትወጣ፣ ከአናትዎ በላይ ከምትሆንበት ጊዜ ይልቅ እስከ 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጨማሪ ስለምትርቀን በጥቂቱ ታንሳለች።

አእምሮ የአንድን ነገር መጠን የሚገምተው ከርቀቱ ጋር አያይዞ ነው። ከፊትዎ ያለው ደንገል፣ ቀጥሎ ታንኳው፣ ከዚያም የማዶው ዛፍ በተርታ እያነሱ ሲሄዱ፣ ከሁሉም ኋላ ያለችውን ጨረቃ እጅግ ሩቅ አድርጎ ይወስዳትና ያን ያህል ርቃ ይህን ያህል ከታየች ግዙፍ መሆን አለባት ብሎ ይፈርዳል። ማብራሪያው ሁሉንም ተመራማሪ ባያስማማም፣ ለእኔ ከቀረቡት ሁሉ የተሻለው ነው።

ለማረጋገጥ እጅዎን ወደፊት ዘርግተው በትንሿ ጣትዎ ጥፍር ይሸፍኗት፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከፍ ስትልም ያው ጥፍር ይሸፍናታል።

በፎቶ ላይ እንድትገዝፍ ከፈለጉ በሌንሱ አቅርቦ የሚያነሳ ካሜራ ይዘው ከታንኳው በጣም ርቀው ያንሱ፤ ታንኳው በርቀት ሲያንስ ጨረቃዋ ከእሱ አንጻር ትገዝፋለች።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ስልኩ ብርሃኑን የሚለካው ከጨለማው ውኃ ስለሆነ ጨረቃዋ ነጭ ጠብታ ብቻ ሆና ትቀራለች። በስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ነክተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፤ ቢቻል ፈጽሞ ሳይጨልም ያንሱ።