መልስ፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለአባቴ ጉበት ይጠቅማል ወይ?

ወንድሜ፣ ፈጣሪ አባትህን ይማርልህ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ የጉበት ጠባሳን ይከላከላል የሚል አንብበህ፣ ድሬዳዋ ይገኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። ያነበብከው እውነት ነው፤ ግን የተሞከረው በአይጦች ላይ ነው።

አይጦቹ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል መርዝ ለሳምንታት ይሰጣቸዋል። ጉበታቸው እየቆሰለ ጠባሳ ያወጣል። ከፊሎቹ ጎን ለጎን ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ ይወጋሉ፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጋዙን የሚለቅ ጨው ነው። በመጨረሻ ጉበቱ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክቶት፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጨው የተወጉት ላይ የጠባሳው ክር ሳስቶ ተገኝቷል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ልብ በል፣ መርፌው የተሰጠው ከመርዙ ጎን ለጎን ነው። የከረመ ጠባሳን ማጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋዙን ማሽተት ግን በፍጹም! ይገድላል። ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ የበሰበሰ እንቁላል ሽታው የጠፋ ይመስላል።

ይልቅ አባትህን ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ አስመርምራቸው። ቢን የሚገታ ኪኒን አለ፤ ሲ ደግሞ ይድናል። ጫት የሚቅሙ ከሆነም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። እዚሁ ሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫትን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።