ባቡር የሚሳፈሩበት ወይስ የሚያስፈጩበት?

ጥያቄ፦ አማቴ ከጎጃም መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። ባለፈው ጤፋቸውን አበጥረው «ባቡር ደርሼ ልምጣ» ሲሉ ልጆቼ በሳቅ ፈረሱ። ወፍጮ ቤትን ባቡር ማለት ስሕተት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የተሳሳቱትስ ልጆችዎ ናቸው። አማትዎ ልክ ናቸው። እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ ለቃሉ ጥንተ ትርጉም የቀረቡት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበቤ ያላወቀውን ቃል ሁሉ «የገጠር አማርኛ» ሲል ደሜ ይፈላል። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ቢረዝም ይታገሱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከላቲን ነው። «ቫፖር» እንፋሎት ማለት ነው። ፈረንሳዮች በእንፋሎት የምትሄደውን መርከብ በዚሁ ስም ጠሯት። ቱርኮች ተቀብለው «ቫፑር» አሉ፤ የኢስታንቡል ሰው ባሕር የሚሻገርባትን መርከብ ዛሬም እንዲሁ ነው የሚላት። መደበኛው ዐረብኛ «ቨ»ም «ፐ»ም ስለሌለው አንዱ አገር «ባቡር»፣ ሌላው «ዋቡር» አደረገው። አሁን ልብ ይበሉ፦ ግብጽ ውስጥ ዱቄት የሚፈጨውም ሞተር፣ የላምባ ምድጃውም «ዋቡር» ነው። ሶማሊኛ ደግሞ «ባቡር» የሚለው መኪናን ነው። ቃሉ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ሐዲድ ተሸክሞ አልመጣም። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መኪናም ሐዲድ አልነበረውም፤ ሕዝቡ ግን «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። «ምድር ባቡር» ላይ «ምድር» የተጨመረችውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ባቡሩ ብዙ ዓይነት ስለሆነ ነው።

ቃሉን ጣሊያን በወረራው ዘመን ይዞት የገባ አድርገው የሚያስረዱ አሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የወረረን በ1928 ዓ.ም.። ያን ሁሉ ዓመት ምን እያልን ስንሳፈረው ኖርን? ደግሞም የጣሊያንኛ ቃል ሲገባ ጅራቱን፣ ማለትም የመጨረሻ አናባቢውን፣ አይጥልም፤ ጎማ፣ ፉርኖ፣ ካቻቪቴ እንደምንለው። «ባቡሬ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። «ፍሬንና ቡሎንስ?» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። እነሱን ለፈረንሳይኛ ሰጥቻለሁ። ለጣሊያንኛም ሊሰጡ ይችላሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ይጥመኛል።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚከነክነኝ «ወፍጮ ቤት» ነው። ወፍጮ ማለት እኮ ድንጋዩ ነው። ሴትዮዋ ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ እህሉን እየገፋች የምትፈጭበት። ያ ሁሉ ድካም ያለበትን ስም ወስዶ ለሞተር መስጠት ምን ይሉታል? ሞተሩ የራሱ ስም ነበረው። ግን ማን ይሰማኛል! ወፍጮውም በኤሌክትሪክ ሆነ፣ የከተማው ቀላል ባቡርም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። እንፋሎት የሚባል ነገር በሁለቱም ዘንድ የለም። ጋዜጣውም መማሪያ መጽሐፉም «ባቡር» ሲል የሚሳፈሩበትን ነው። ተሸንፌያለሁ፤ ሳልወድ እቀበላለሁ።

ልጆችዎ ግራ እንዳይገባቸው ግን ሰዋስው መፍትሔ አለው። አማትዎ ያሉት «ባቡር ደርሼ ልምጣ» ነው፤ መስተዋድድ የለበትም፤ ባቡር መድረሻቸው ነው። ተሳፋሪ ቢሆኑ «በባቡር ደርሼ ልምጣ» ይሉ ነበር። «በባቡር አስፈጨሁ» ቢሉም ግሡ ይለየዋል፤ ለገሃር ሄዶ ጤፍ የሚያስፈጭ የለም።