ፊልም ለምታዩ፣ ጌም ለምትጫወቱ፣ እንግሊዝኛ አልገባ ላላችሁ ልጆቼ

እንዴት ናችሁ ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደኩ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና 30 ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፣ አሁንም ጠዋት በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። የቋንቋ አስተማሪ አይደለሁም። ግን ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ተማሪዎች አብረውኝ ስለሚውሉ ወሬያችሁን እሰማለሁ፣ እና ብዙዎቻችሁ የምትሉኝ ነገር አንድ ነው፣ "ጋሼ ፊልምና ጌም ጊዜያችንን በላው፣ እንግሊዝኛችንም እንዳለ ነው"። ወላጆቻችሁም ይህንኑ ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ላውራ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ሞተር ኦቨርሎድ ሪሌው፣ ጭነት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያው፣ እየዘለለ አስቸገረን። ማኑዋሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ምክንያቱን ካላገኘህ በስተቀር ሪሴት አታድርግ ነው የሚለው። እዛ ውስጥ "ካል... በስተቀር" የምትለዋን "አንለስ" (unless) የምትል ቃል ትምህርት ቤት እያለሁ ሸምድጃታለሁ፣ ባዶ ቦታ ሙላ ሲባል ሞልቻታለሁ፣ ማርክም አግኝቼባታለሁ። ማሽኑ ፊት ቆሜ ከኋላዬ ሰው "ቶሎ በል" እያለኝ ግን ካላገኘህ ሪሴት አድርግና እየው ያለኝ መሰለኝ፣ ገልብጬ አነበብኳት። ሪሴት አደረኩ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ሽታው መጣ። የተቃጠለ የሞተር ጥቅል ሽታ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም፣ ልብስ ላይ ይቀራል። መስመሩ 2 ቀን ቆመ። ከዛ ቀን ወዲህ አንለስን ማንም አስታውሶኝ አያውቅም፣ ራሷ ትመጣለች።

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ ጌም ቤት ነው፣ እናቱ በዚህ የተነሳ እንቅልፍ የላትም። አንድ ቀን አብሬው ገብቼ ተቀመጥኩ። የኳስ ጌም ነው ግን መጫወት ብቻ አይደለም፣ ቡድን የሚመሩበት ክፍል አለው፣ ተጫዋች ይገዛል ይሸጣል፣ ኮንትራት ያድሳል፣ ባጀት ያያል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። የሚወደው አጥቂ ኮንትራቱ ኤክስፓየር አድርጎ በነፃ ሄዶበት ነበር፣ የመጣለትን መልእክት ሳያነብ ስላለፈው፣ ፊቱን ብታዩት ዘመድ የሞተበት ነው የሚመስለው። ወር ያህል ቆይቶ አያቱ ጋ ሄደን የግፊት መድኃኒቷን ሲያቀብላት ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ አየና "እማማ ይሄ እኮ ኤክስፓየርድ ነው፣ እንዳትውጪው" አላት። እኔ መነጽሬን ፍለጋ ኪሴን እየዳበስኩ ነበር።

ምን ልላችሁ መሰላችሁ፣ ቋንቋ የሚገባው የሚፈልገው ወይም የሚያጣው ነገር ላለው ሰው ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱና እዩ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ነጋዴ ከአፋሩ ጋ በአፋርኛ፣ ከኦሮሞው ጋ በኦሮምኛ፣ ከኛ ጋ በአማርኛ ፍየል ሲከራከር ታገኙታላችሁ። ግራመር ማን አስተማረው? ፍየሏ ናት ያስተማረችው። እኛ ወሎዎች ደሞ በዚህ በኩል የታደልን ነን፣ ቁርኣን ቤት የቀራችሁ ልጆች አረብኛ ባዶ ሜዳ አይደለም ለናንተ፣ ነፍስ ስትሉ ቤት ስትሉ የቅርብ ዘመዱን እያላችሁ ነው፣ ቀልቤን ሳበው የምንላት ቀልብ እራሷ በአረብኛ ልብ ማለት ናት። ከሚሴ ዘመድ ያለውም ኦሮምኛውን ቤቱ ተቀምጦ ይማራል።

ወደ ፊልም ስመጣ፣ በኛ ጊዜ ደሴ ቪዲዮ ቤት ገብተን የህንድ ፊልም እናይ ነበር፣ ትርጉም የለ ምን የለ፣ ስንወጣ ግን ያ ወንድሙን የከዳው ሰውዬ ይቅር መባል ነበረበት አልነበረበትም እየተባባልን እስከ ሰፈር እንከራከራለን፣ ብርዱም አይሰማንም። አሁን በትርጉም ፊልሙም በአማርኛ በሚቀርበው የቱርክ ድራማም ታሪኩን ታገኛላችሁ፣ ደስ ይላል፣ እዩት፣ ቋንቋውን ግን ሌላ ሰው ተናግሮላችኋል። ቋንቋ የፈለገ ሰው በኦሪጅናሉ፣ ከታች ጽሑፉ ራሱ በእንግሊዝኛ ሆኖ 10 ደቂቃዋን መርጦ ሦስቴ ይያት፣ ሦስተኛው ላይ ጽሑፉን ያጥፋና ከተዋናዩ እኩል አፍ አውጥቶ ይበል። ለምን ጆሮ ያስፈልጋል ካላችሁ፣ እንግሊዞቹ መርከቡንና በጉን የሚሉባቸውን ሁለት ቃላት (ship እና sheep) በኛ ፊደል ስንጽፋቸው ሁለቱም ሺፕ ነው፣ ልዩነቱ ወረቀት ላይ የለም። እኛም እንደዛው ነን እኮ፣ ገና በዓሉንና ገና አልመጣምን አንድ አድርገን ጽፈን በጆሮ ነው የምንለያቸው።

እና ደሞ አትቸኩሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሰለጥንበት ተቋም አማርኛ ለአሜሪካዊ 44 ሳምንት፣ ከ1,000 በላይ የክፍል ሰዓት ይፈልጋል ብሎ ነው የሚይዘው፣ አረብኛና ቻይንኛን ደግሞ የዛን እጥፍ። ከነሱ ወደኛ ይሄን ያህል ከሆነ ከኛ ወደነሱም ብዙም አያንስም ብዬ ነው እኔ የማስበው፣ በቀን አንድ ሰዓት ብትይዙ ወደ 3 ዓመት ማለት ነው። በ3 ወር አልቻልኩም ብሎ ራሱን ደደብ ያለ ልጅ ስሰማ ልቤ ነው የሚያዝነው።

ጌም ላይ አንድ ነገር፣ በገንዘብ መወራረድ ከተጀመረ ተነስታችሁ ውጡ። እንቅልፋችሁንም አታስነኩ።

ትልቁ ነገር ግን አስተያየት ይኑራችሁ ነው የምለው። "እንዴት ነበር?" ስላችሁ "አሪፍ ነው" ብላችሁ ዝም ትላላችሁ፣ አሪፍማ እኔም አውቃለሁ፣ ምኑ ነው አሪፍ? የቱ ጋ አናደዳችሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ይሄን ጥያቄ በአማርኛ መመለስ ያልቻለ በእንግሊዝኛም አይመልሰውም፣ የሚለው ነገር ስለሌለው እንጂ ቃል ስላጣ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ነበረች፣ ውጤቷ ጥሩ፣ የውጭ መሐንዲሶች ሲመጡ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም። ጠዋት ከደሴ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ማታ ፊልም አይታ ነበርና እንዴት ነበር አልኳት በእንግሊዝኛ፣ "ጉድ" አለችኝ። ለምን? ዝም። መጨረሻውን ወደድሽው? ስላት "ኖ!" ብላ ዞረች፣ ልጅቱ አባቷን ሳታገኘው ማለቁ አናዷታል። ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተጣብቆ ምንም አይታይም፣ እሷ ታወራለች፣ ያለፈውን ጊዜ ካሁኑ ትቀላቅላለች፣ ሂና ሺ ይዘባረቁባታል፣ አማርኛ ጣል ታደርጋለች፣ እኔ አንዱንም አላረምኩም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ደርሰን ስንወርድ በእንግሊዝኛ "አልጨረስኩም" አለችኝ። ማታ ስንመለስ ከቆመችበት ቀጠለች።